አባ ጂፋር ዳግማዊ እና የሂርማታ ገበያ



 

ቂሊንጦ ካለው ካምፓሳችን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት የረር ተራራ ከፊታችን ይታያል። በየቀኑ እናየዋለን። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በዚያ ተራራ አካባቢ ሮጌ የሚባል ትልቅ ገበያ እንደነበረ የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን። ከጊቤ ማዶ የተነሱ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ማር በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ሸዋ ገበያዎች ያመጡ ነበር። ዕቃው ከሸዋ በዓሊዩ አምባና በሐረር በኩል አልፎ እስከ ዘይላ ወደብ ይወርዳል። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። አቃቂና አካባቢዋ ፋብሪካና የጭነት መኪና ሳያውቁ በፊት የነጋዴ ጎረቤት ነበሩ ማለት ነው።

ከእነዚያ ነጋዴዎች የብዙዎቹ መነሻ ሂርማታ ነበር። ሂርማታ የዛሬዋ ጅማ ከተማ ናት። በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ገበያውን ከሃምሳ ዓመት በላይ የጠበቁትን ንጉሥ፣ ሞቲ አባ ጂፋር ዳግማዊን እናስታውሳለን። ወደ ጅማ ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ጅሬን ወጥቶ ቤተ መንግሥታቸውን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ያንን ቤተ መንግሥት ያቆመው ገበያው መሆኑን፣ በገበያውም ምን ምን ይሸጥ እንደነበር ጠይቆ የሚመለስ ግን ብዙ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ንግሥና

አባ ጂፋር የተወለዱት በ1861 አካባቢ ነው። የመጠሪያ ስማቸው ቱሉ ነው፤ አባ ጂፋር የሚባለው የፈረስ ስማቸው ነው። በጊቤ ኦሮሞዎች ዘንድ ንጉሥ በፈረሱ ስም መጠራቱ የክብር ወግ ነበር። አባታቸው ንጉሥ አባ ጎሞል፣ እናታቸው ጌኔ ጉሚቲ ይባላሉ።

በዚያ ዘመን ከጊቤ ወንዝ ማዶ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። እስልምና ወደነዚህ አገሮች የገባው ጦር ተከትሎ አይደለም። ያስገቡት ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጡ ነጋዴዎችና አብረዋቸው የሚጓዙ ዐሊሞች ናቸው። የአገሩ ሰው ስለ ዲኑ ትምህርት ከመስማቱ በፊት የነጋዴውን አነጋገር፣ የቃሉን ጽናት፣ ሶላት ሲደርስ ጭነቱን አውርዶ መቆሙን ያይ ነበር። በጅማ ከነገሡት መካከል መጀመሪያ እስልምናን የተቀበሉት በ1830 የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጂፋር ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት ሃይማኖቱን አጽንተው አስፋፉት።

ቱሉ በ1878 አባታቸው ሲሞቱ ነገሡ። በወቅቱ ዕድሜያቸው አሥራ ሰባት ገደማ ነበር። በዛሬ ልክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወይም ገና ግቢ የገባ ፍሬሽማን ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ አገርን የሚያህል አማና ተሸከሙ። አጠገባቸው የቆሙት እናታቸው ጉሚቲ ነበሩ። ጉሚቲ በብልሃታቸው የታወቁ፣ በመንግሥቱ ጉዳይ ምክራቸው የሚደመጥ ሴት እንደነበሩ የጅማ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይተርካሉ።

ጦርነትን ያስቀረ ውሳኔ

ወጣቱ ንጉሥ ዙፋን ላይ ብዙም ሳይቆዩ ከባድ ፈተና መጣ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጊቤ ማዶ ያለውን ሀብት ለመያዝ ሲፎካከሩ ቆይተው በ1882 እምባቦ ላይ ተዋጉ። ምኒልክ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የደቡብ ምዕራብ ነገሥታት ሁሉ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ መገበር ወይም መዋጋት።

አባ ጂፋር የእናታቸውን ምክር ሰምተው መገበርን መረጡ። በየዓመቱ ብርና ዕቃ ይልካሉ፤ በምላሹ የጅማ የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው ይቆያል። ስምምነቱ ጠቀማቸው። ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት ነፃ አስተዳደራቸውን ሲያጡ፣ በተለይ የተዋጉት ሲጎዱ፣ ጅማ ነፍጠኛ ሳይሰፍርባት፣ መሬቷ ሳይከፋፈል፣ ዳኝነቷና ሃይማኖቷ ሳይነካ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየች።

ውሳኔው ዋጋም ነበረው። አባ ጂፋር ለምኒልክ ዘመቻዎች ጦር ማሰለፍ ነበረባቸው። በ1894 ወላይታ፣ በ1897 ከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ሠራዊት ተካፋይ ነበር። የራሳቸውን አገር ከጦርነት ያዳኑት ንጉሥ በጎረቤት አገር ጦርነት ውስጥ ገቡ። የዚህን ውጤት ዝቅ ብለን እናየዋለን።

ሂርማታ፣ የሐሙስ ገበያ

ሂርማታ ከአባ ጂፋር በፊትም ገበያ ነበር። በእሳቸው ዘመን ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወዳዳሪ ያልነበረው ገበያ ሆነ። ዋናው የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ማሩ፣ ሰሙ፣ ቆዳው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ከከፋና ከሌሎች አገሮች መጥቶ እዚያ ይከማቻል። ከባሕር በኩል ደግሞ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ይመጣል። መገበያያው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነበር።

ንጉሡ ይህን ገበያ በምን ያዙት? በመጀመሪያ በጸጥታ። የጅማ ወሰን በቦይና በአጥር የተከበበ ነበር፤ መግቢያው በየበሩ ባለው ኬላ ብቻ ነው። ኬላ ጠባቂው ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደወጣ ያያል፣ ቀረጥም ይቀበላል። ዛሬ የእኛ ክፍለ ከተማ ቃሊቲ ጉምሩክ እንዳለው ሁሉ ያን ጊዜም ዕቃ ሳይፈተሽ አያልፍም ነበር። ከኬላው ወዲህ የገባ ነጋዴ በንጉሡ ጥበቃ ሥር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ነው። በጅማ የመንገድ ጥገና የአካባቢው ነዋሪ ግዴታ ነበር፤ እያንዳንዱ በይዞታው በኩል የሚያልፈውን መንገድ ይጠርጋል፣ ይጠግናል። በክረምት ጭቃ የበቅሎ ጉልበት በሚሰበርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛው ዳኝነት ነው። ገበያው ጸጥታ የሚያስከብሩና የገበያተኛን ጠብ የሚዳኙ ኃላፊዎች ነበሩት፤ በነጋዴው ላይ ደግሞ ነጋድራስ ይሾማል። ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች የሚሰፍሩበት ቦታም ነበራቸው። ሰው በማያውቀው አገር ተበድሎ የሚከስበት ዳኛ ካገኘ ነገም ተመልሶ ይመጣል።

ገበያው ከንጉሡ ሞት በኋላም ቀጠለ። ጅማን ያጠናው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ኸርበርት ሉዊስ፣ በበጋ ጥሩ በሚባል የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው ሂርማታ እንደሚገኝ መዝግቧል። አባ ጂፋር ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ገበያ በእስልምና ከመስጊድ ውጭ ያለ፣ ዲን የማያገባው ቦታ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጊድ እንደሠሩ ሁሉ ለሙስሊሙም የራሱን ገበያ አቋቁመዋል። በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰደው ከሥሩ እርጥበት ሲያገኙ ሻጩን ገሥጸዋል፤ እርጥቡ ከላይ ሆኖ ሰው እንዲያየው አዝዘዋል። ዑመር (ረ.ዐ) በዘመናቸው አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የተባለችውን የተማረች ሴት የገበያ ጉዳይ እንድትከታተል ኃላፊነት እንደሰጧት ይዘገባል። በኋለኞቹ መንግሥታት ሙሕተሲብ የሚባለው ተቆጣጣሪ ሚዛንና መስፈሪያ እየዞረ ይፈትሽ ነበር። ሂርማታ በአንዳንድ ነገር ከመዲናው ገበያ ይለያል፤ የመዲናው ገበያ ቀረጥ የማይጣልበት ሲሆን አባ ጂፋር ግን ከቀረጡ ትልቅ ገቢ ያገኙ ነበር። የነጋዴውን ንብረትና ነፍስ መጠበቅ፣ እንግዳውን ከአገሬው እኩል መዳኘት ግን ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው።

ዑለማና ሑጃጅ

አባ ጂፋር በነገሡበት በ1878 በሰሜን የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ከጉባኤው በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። ትእዛዙን ያልተቀበሉ ብዙ ዐሊሞችና ደረሳዎች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከተሰደዱባቸው አገሮች አንዷ ጅማ ናት። አባ ጂፋር ተቀበሏቸው፣ አስጠጓቸው፣ እንዲያስተምሩም ዕድል ሰጧቸው። በዚህም ጅማ ከኢትዮጵያ ታላላቅ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት አንዷ ሆነች። ከተለያየ አገር ደረሳዎች ኪታብ ለመቅራት ወደ ጅማ ይጎርፉ ጀመር።

ንጉሡ ከጅማ ለሐጅ የሚሄዱ ሰዎች መካ ላይ የሚያርፉበት ቤት እንዳሰናዱም ይተረካል። የዚያ ዘመን ሐጅ ወራትን የሚፈጅ ጉዞ ነበር፤ አንዳንዱም በዚያው ይቀር ነበር። ከጊቤ ማዶ ለተነሳ ደካማ ሐጃጅ መካ ላይ የአገሩ ሰው ያለበት ቤት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ብር ከየት መጣ? ከመሬቱና ከገበያው ነው። የቡናው፣ የዝባዱና የኬላው ገቢ ለግብር፣ ለቤተ መንግሥት፣ ለዑለማ መተዳደሪያም ዋለ። ገበያና መድረሳ ተደጋግፈው የቆሙበት አገር ነበር። ነገር ግን የገበያው ገቢ ከእነዚህ ዕቃዎች ብቻ የተገኘ አልነበረም።

በዚያው ገበያ የተሸጡ ሰዎች

ሂርማታ በዘመኑ ከነበሩት ትላልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከቡናውና ከማሩ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ከየጎረቤት አገሩ በጦርነት የተማረኩ፣ በፈንጋይ የተሰረቁ፣ በችግር የተሸጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ዋጋ ይቆረጥላቸው ነበር። ከወላይታና ከከፋ ዘመቻዎች በኋላ ቁጥራቸው በዛ። ንጉሡ ራሳቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ባሮች እንደነበሯቸው ተመዝግቧል። ከላይ ያነሳነው የሮጌ ገበያም ከዚህ ንግድ ነፃ አልነበረም። የረር ተራራ በእግር የተነዱ ሰዎችን አይቷል።

ይህ የጅማ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዚያ ዘመን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መኳንንት ባሪያ ነበራቸው፤ ንግዱ አገር አቀፍ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በ1924 ባሪያን ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1942 ነው። የሌላው ጥፋት ግን የእኛን ጥፋት አያቀልልንም።

ስለ አባ ጂፋር ስንጽፍ ይህን ክፍል መዝለል ቀላል ነበር። ብዙ ጽሑፎች ይዘሉታል። እኛ የማንዘልበት ምክንያት ዲናችን ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የፊቅህ አረዳድ ባርነትን ጨርሶ ባይሰርዝም፣ ነፃ ሰውን ይዞ መሸጥን ግን ከከባድ ወንጀሎች ቆጥሮታል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ፣ አላህ በቂያማ ቀን ከሳሻቸው የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች ሲጠቀሱ፣ ነፃ ሰውን ሸጦ ገንዘቡን የበላ ከሦስቱ አንዱ ነው። ባሪያን ነፃ ማውጣት ደግሞ ለብዙ ጥፋቶች ማካካሻ፣ ከታላላቅ ምንዳዎችም አንዱ ተደርጎ ተደንግጓል። ሂርማታ ላይ ከቆሙት ስንቶቹ ከቤታቸው ደጃፍ የተነጠቁ ነፃ ሰዎች ነበሩ? ገበያው የጥጡንና የቡናውን ባለቤት ጠበቀ፤ ራሳቸው ዕቃ የተደረጉትን ሰዎች የጠበቀ ግን አልነበረም። በዚያ ገበያ ውስጥ ሶላቱን በወቅቱ የሚሰግድ፣ መስፈሪያውን የማያጎድል ነጋዴ፣ በሰው ላይ ግን ሚዛኑን የጣለ ነጋዴ ነበረ።

ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ ሰዎችን የምታስጠነቅቅ ምዕራፍ ናት። ሱራዋን የምናነባት ለእህልና ለጨርቅ ነጋዴ ብቻ አድርገን ከሆነ አጥብበናታል። ታሪክም ይሰፈራል። የራስን ወገን መልካም ሥራ ሞልቶ፣ የተበደለውን ሰው ዕንባ አጉድሎ መንገር ያው ማጉደል ነው።

የመጨረሻው ዘመን

አባ ጂፋር በመጨረሻ ዓመታቸው ታመው ደከሙ። ሥልጣኑም ቀስ በቀስ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር ተሻገረ። በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያለው መንግሥት ተለውጧል። አፄ ኃይለ ሥላሴ አስተዳደሩን ወደ ማዕከል ለመሰብሰብ ስለፈለጉ ለጅማ የተሰጠው ልዩ መብት ሊቀጥል አልቻለም። በ1932 ጅማ በማዕከላዊ መንግሥት ሥር ገባች፤ አባ ጆቢርም ታሰሩ። አባ ጂፋር ያረፉትም በዚያው ዓመት አካባቢ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ነግሠው፣ በወጣትነታቸው ያዳኑት መንግሥት ሲያበቃ አብረው ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው፤ በሂርማታ የተሸጡትንም ሁሉ በእዝነቱ ያካክሳቸው።

ጅሬን ዛሬ

ዛሬ ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጂፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። በእንጨት የተሠራው ባለ ፎቅ ቤት፣ ሰፊው ግቢና መስጊዱ ጎብኚን ይስባሉ። ከተማው ውስጥ ባለው የጅማ ሙዚየም ደግሞ የንጉሡና የቤተሰባቸው መገልገያ ዕቃዎች ይታያሉ። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው የጅማ በርጩማም የከተማዋ መታወቂያ ነው። ይህ ቅርስ ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ ለአስጎብኚው፣ ለጠራቢው፣ ለቡና ሻጯ፣ ለባጃጅ ነጂው።

እዚህ ላይ የገበያ ሥነ ምግባራችን ይፈተናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከገጠር ዕቃ ጭኖ የሚመጣን ነጋዴ ገበያ ሳይደርስና ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ከልክለዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰውን አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ከሩቅ የመጣ ጎብኚም ዋጋ አያውቅም። ለአገሬው በአንድ ዋጋ የሚሸጠውን በርጩማ ለእንግዳው በአምስት እጥፍ መጥራት፣ ትናንት የተጠረበውን የንጉሡ ዘመን ነው ብሎ መሸጥ፣ ያልሆነውን ታሪክ ጨምሮ ማስጎብኘት፣ ሁሉም ከዚያው ክልከላ ጋር የሚዛመድ ነው። ትርፍ ሐላል ነው፤ ማታለል ግን ትርፍ አይባልም።

ጎብኚውም ግዴታ አለበት። ከእኛ መካከል በእረፍት ጊዜው ወደ ጅማ የሚሄድ ካለ ጉዞውን ከሐሙስ ጋር ያስማማ፤ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ወደ ገበያውም ይውረድ። መስጊዱን የሰው ዒባዳ ቦታ መሆኑን አስታውሶ ይግባ፤ በሰጋጅ ፊት ካሜራ አይደግን። ሽማግሌ ካገኘ ስለ ንጉሡ ግርማ ብቻ አይጠይቅ፤ በገበያው ተሸጠው ስለመጡ ሰዎች፣ ልጆቻቸውም ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቅ። አስጎብኚው ያን ክፍል ከዘለለ በአክብሮት ያስታውሰው። የሰውን ልጅ በዘሩ ወይም በአያቱ መናቅ በጅማም ሆነ በሌላ አገር የባርነት ትራፊ ነው፤ ይህን ትራፊ በራሱ አንደበት ላይ ካገኘው ያጥፋው።

ጅማ ላልሄደውም ትምህርቱ እዚሁ አለ። ቅዳሜ አቃቂ ገበያ ወርደን ከገጠር የመጣች እናት ዶሮዋን ሸጣ መሳፈሪያ ልታገኝ ስትቸኩል ችኮላዋን አይተን ዋጋ መስበር፣ ከዶርም ዶርም ስልክና ላፕቶፕ ስንሸጥ ባትሪው መድከሙን መደበቅ፣ የተዋስነውን ገንዘብ ስኮላርሺፕ እስኪመጣ እያሉ ማጓተት፣ እነዚህ ትንንሽ ይመስላሉ። ሂርማታን የሚያህል ገበያ የቆመው ግን እንደዚህ ባሉ የአንድ ቀን ውሎዎች ነው፤ እምነትም በደልም የተከማቸው በዚያው መንገድ ነው። ነገ ከዚህ ግቢ ኢንጂነር፣ ነጋዴ፣ የጉምሩክ ባለሙያ ሆነን ስንወጣ ሚዛን በእጃችን ይገባል። የአባ ጂፋር ሕይወት የሚያስተምረን አንድ ሰው መንገድ አቅንቶ፣ ዐሊም አስጠግቶ፣ ነጋዴ ጠብቆ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ያለውን በደል ግን ሳያቆም ሊያልፍ እንደሚችል ነው። በጎውን እንውረስ፤ በደሉንም በስሙ እንጥራው።

አላህ ንግዳችንን የተባረከ፣ ምላሳችንን እውነተኛ ያድርግልን። ለእኛም ለሌላውም እኩል የምንሰፍር ባሮቹ ያድርገን። አሚን።